ያረጀ የመኪና ዕቃን በቤት ውስጥ በሚገኝ ነገር ስለ ማጽዳትና የሐይቅን ውሃ ስለ መጠበቅ

የእርሻ በሬ በጌታው አያያዝ እንደሚወፍርና እንደሚከሳ፣ መኪናም በባለቤቱ አያያዝ ዕድሜው ይረዝማል ወይም ያጥራል። በሬ ሲታመም ያስታውቃል፤ የመኪና ሕመም ግን በዘይትና በጥላሸት ተሸፍኖ ይቆይና በዳገት መካከል ድንገት ይገለጣል። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ ሐይቅን አልፎ እስከ ውጫሌና ከዚያም ወዲያ ባለው አገር፣ የገበሬው እህል ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩም ወደ ቀበሌው የሚገባው በጭነት መኪና ስለ ሆነ፣ የመኪና መቆም ጉዳቱ ለባለ መኪናው ብቻ አይደለም። በመከር ወራት አንድ የጭነት መኪና ሦስት ቀን ቢቆም፣ ሦስት ቀን በሜዳ የሚያድር እህል አለ ማለት ነው።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። በወሎ በኩል ግን የመኪና ነገር የተስፋፋው ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፣ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አስመራ የሚያደርሰውን መንገድ ለሠራዊቱ ማመላለሻ ብሎ ከሠራ በኋላ ነው። ጠላት ተባሮ ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ የጥገናውም ቃል ከመንገዱ ጋራ አብሮ ቀረ። ዛሬም መካኒኩ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቺንጊያ፣ ቡሎንና ዳዶ እያለ የሚጠራቸው ዕቃዎች ስማቸው ከኢጣሊያ ቋንቋ የመጣ ነው።

ጉዳዩን ዛሬ የሚያስቸኩለው ግን ሌላ ምክንያት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲገዛ ዋጋው ከፍ አለ። እንግዲህ በአገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪናዎች ከዓመት ወደ ዓመት እያረጁ ይሄዳሉ፤ የሚጣል ዕቃ እየጠፋ፣ የሚጠገን ዕቃ እየበዛ ይመጣል። በዘይት ጭቃ ተሸፍኖ አብቅቶለታል የተባለ ዕቃም ብዙ ጊዜ ቢጸዳ ደኅና ሆኖ ይገኛል። ስንጥቁና መበላቱም ቢሆን የሚታየው እድፉ ከተነሣ በኋላ ነው።

ለዚህ ሥራ ውድ መድኃኒት ከሱቅ መግዛት ግዴታ አይደለም። አመድ፣ ሎሚ፣ አቼቶ፣ የልብስ ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ላምባና እንዶድ በየቤቱና በየገበያው ይገኛሉ። ሆኖም እያንዳንዱ የሚያነሣው እድፍ የተለየ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ የእድፉን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። የመኪና እድፍ በሦስት ይከፈላል፤ ይኸውም ቅባትና ጥላሸት፣ ዝገት፣ ከውሃ የሚመጣ ነጭ ቅርፊት ነው። ቅባትን የሚፈታው ሳሙናና የአመድ ውሃ ነው። ዝገትንና ነጩን ቅርፊት የሚፈታው ደግሞ ሎሚና አቼቶ፣ ማለት የሚኮመጥጥ ነገር ነው። ይህን አቀያይሮ በቅባት ላይ አቼቶ የሚያፈስ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው።

የሥራው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ዕቃው ከመኪናው ከተፈታ በኋላ፣ ደረቁን ጭቃና የረጋውን ግራሶ በእንጨት ፍቆ ማንሣት። በዚህ ጊዜ ውሃ አይነካውም። በእንጨት የተነሣ ቅባት ኋላ የሚያስፈልገውን ሳሙናና ውሃ ይቀንሳል።

2ኛ፤ ዕቃውን በማግኔት መፈተን። ማግኔት የሚይዘው ብረት ነው፤ የማይዘው ግን እንደ ፒስተንና እንደ ካርቡራቶር ያለው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ወይም ሌላ ለስላሳ ማዕድን ነው። የአመድ ውሃ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ሎሚና አቼቶም ብዙ ሰዓት ከቆዩበት ይጎዱታል። ስለዚህ ማግኔት የማይዘው ዕቃ በለብታ ውሃና በሳሙና ብቻ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል።

3ኛ፤ ለብረት ዕቃ የአመድ ውሃ ማዘጋጀት። ንጹሕ የእንጨት አመድ ተነፍቶ፣ አንድ እጅ አመድ በሦስት እጅ ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ ያድራል። በማግሥቱ ከላይ የጠራው ውሃ በቀስታ ይቀዳል። አመዱ በውስጡ ፖታሲየም ካርቦኔት የሚባል ጨው ስላለው፣ ውሃው ከቅባት ጋራ ሲገናኝ ቅባቱን ለማስለቀቅ ይረዳል። በጣት መካከል የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ለሥራው በቅቷል። ማሰሮው ወይም በርሜሉ አሉሚኒየም መሆን የለበትም። ዕቃው በሙቁ የአመድ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ይዘፈዘፍና በብሩሽ ይታሻል። ይህ ውሃ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ሠራተኛው ጓንት ማድረግ አለበት።

4ኛ፤ የዛገ ቡሎንና ዳዶ፣ እንዲሁም ሌላ ትንሽ የብረት ዕቃ፣ ቅባቱ ከተነሣ በኋላ በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ያድራል። በማግሥቱ በሽቦ ብሩሽ ይታሽና የኮምጣጤው ኃይል እንዲጠፋ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ይለቀለቃል። ይህ ከተዘለለ ዕቃው ሳይውል ሳያድር ተመልሶ ይዝጋል።

5ኛ፤ የታጠበው ሁሉ በፀሐይ ወይም በሞቀ ስፍራ ፈጽሞ ይደርቃል፤ ወዲያውም ስስ ዘይት ይቀባል። የጸዳ ብረት ልብስ እንደሌለው ሰው ነው፤ አየሩ ወዲያው ያገኘዋል።

6ኛ፤ በባትሪው ጫፍ ላይ የሚበቅለው ነጭና አረንጓዴ እድፍ በቤኪንግ ሶዳ ይነሣል። ሞተሩ ጠፍቶ አስቀድሞ የኔጌቲቩ ሽቦ፣ ቀጥሎ የፖዚቲቩ ይፈታል። ሶዳው በውሃ ተበጥብጦ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይቀባል፤ አረፋው ሲያቆም አሲዱ መሞቱን ያሳያል። ሶዳው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይጠበቃሉ። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ እሳትና ሲጃራ በአጠገቡ አይቀርብም። በመጨረሻ ጫፉ ደርቆ ቫዝሊን ይቀባል።

ከሚደረገው ይልቅ የማይደረገውን ማወቅ ሕይወት ያድናል። በብዙ ስፍራ ዕቃ በቤንዚን ማጠብ ልማድ ሆኗል፤ ይህ ግን ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ነገር ነው። የቤንዚን ተን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ ይቀጣጠላል፤ ከአየርም ስለሚከብድ በወለል ላይ ተስቦ ራቅ ብሎ ካለ የከሰል ምድጃ ይደርሳል። ቅባቱ ጠንክሮ ሳሙና ያልፈታው እንደ ሆነ በላምባ ማጠብ ይቻላል። የላምባ ተን የሚቀጣጠለው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ስለ ሆነ አደጋው ያንሳል፤ ቢሆንም ሥራው ከደጅ፣ ከእሳት ርቆ ይሁን።

በረኪና ብረትን ስለሚያዝግ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። ይልቁንም በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋራ ቢቀላቀል ክሎሪን የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ይወጣዋል፤ ሁለቱን በአንድ ዕቃ ማኖር እንኳ አይገባም። የፍሬን ጎማዎች በላምባና በዘይት ከተነኩ ያብጣሉና በራሱ በፍሬን ዘይት ብቻ ይጸዳሉ። በፍሬን ሸራ ላይ ያለው አቧራም፣ በተለይ በአሮጌ መኪና፣ አስቤስቶስ የሚባለው ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል በአፍም በአየር ፓምፕም አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ ይጣላል።

ዕቃው ሲጸዳ እድፉ አልጠፋም፤ ከብረቱ ወደ ውሃው ተዛወረ እንጂ። ያ ውሃ ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ በሌላ አገር ቀላል ቢመስል፣ በሐይቅ አካባቢ ግን ከባድ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ውሃ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። ወደ እርሱ የሚገባ ወንዝ አለ፤ ከእርሱ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ ከከተማው በጎርፍ የሚወርደው የሞተር ዘይት እንደ ሌላው አገር ወንዝ ይዞት የሚሄድ ነገር አይደለም፤ እዚያው ይቀራል። የተቃጠለ ዘይት እርሳስንና ሌሎች ከሞተር የተፋቁ ማዕድናትን ይይዛል፤ በውሃ ላይም ተንሳፎ ለዓሣው የሚያስፈልገውን አየር ይከለክላል።

በዚህ ሐይቅ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ተጨምሮበት፣ ለአካባቢው ሰው ምግብና ገበያ ሆኗል። ከብቱም ከዳርቻው ይጠጣል። ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ኑሮው በዚሁ ውሃ ዳር ነው።

እዚህ ላይ ስለ እንዶድ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። እንዶድ ከጥንት ጀምሮ ነጠላና ጋቢ የሚታጠብበት የአገር ሳሙና ስለ ሆነ፣ ቀለል ያለ ቅባትንም ያስለቅቃል። ነገር ግን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው መረመሩ፤ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድልም አረጋገጡ። ለዚሁ ሥራ በ1989 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይኸው ቀንድ አውጣን የሚገድለው ኃይል ዓሣንም ይገድላል። እንግዲህ የአገር ተክል ነው ተብሎ የእንዶድ እጣቢ ወደ ሐይቁ ቢለቀቅ፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ባዶውን ያወጣል።

የመድኃኒቱ መንገድ ብዙ ወጪ የለበትም። ዕቃ የሚታጠበው በሰፊ ሳፋ ወይም ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ይሁን እንጂ በመሬት ላይ አይሁን። የታጠበበት ላምባ በተከደነ ዕቃ ጥቂት ቀን ቢቀመጥ ጭቃው ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራው ተቀድቶ ደግሞ ያገለግላል። የዘቀጠውና የተቃጠለው ዘይት በክዳን ባለው በርሜል ይጠራቀማል እንጂ በቦይ አይፈስስም። በወለል ላይ የፈሰሰ ዘይት በሰጋቱራ ወይም በአመድ ተመጥጦ ይጠረጋል፤ ውሃ አይፈስበትም። የሳሙናና የእንዶድ እጣቢም ከሐይቁ፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ርቆ፣ ጎርፍ በማይወስደው ስፍራ ይደፋል።

ይህ እንዲፈጸም የተሁለደሬና የአምባሰል ወረዳ ሹማምንት ትጋት ያስፈልጋል። 1ኛ፤ በሐይቁ ዳርና ወደ ሐይቁ በሚወርዱ ወንዞች ላይ መኪናም የመኪና ዕቃም እንዳይታጠብ ማስጠንቀቅና መቆጣጠር፤ 2ኛ፤ ለማጠቢያ የሚሆን ከውሃ የራቀ ስፍራ ለይቶ መስጠት፤ 3ኛ፤ በየጋራዡ የተጠራቀመው ዘይት ወዴት እንደሚሄድ በጽሑፍ እንዲያዝ ማድረግ ነው። ግቢያቸውን ለጋራዥ የሚያከራዩ ባለ ቤቶችም የኪራዩን ውል ሲጽፉ፣ ዘይት በግቢው መሬት እንዳይፈስስና በርሜል እንዲኖር አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ፣ የራሳቸውን የጉድጓድ ውሃና የጎረቤታቸውን ያድናሉ።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል። ሹሙ በርሜሉን በመጪው ክረምት ሳይሆን ክረምቱ ሳይገባ ቢያስቀምጥ፣ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲወርድ ይዞት የሚሄደው አፈር ብቻ ይሆናል። የጸዳው ዕቃ መኪናውን ያስኬዳል፤ መኪናውም እህሉን ከገበያ ያደርሳል። ከዚያ ዕቃ የወጣው እድፍ በሐይቁ ውስጥ ከገባ ግን መኪናው ካለፈ፣ ባለቤቱም ካለፈ በኋላ ለልጅ ልጅ የሚቀር ዕዳ ነው።