ከጦርነት እሳት የተረፉ ነጫጭ ፈረሶች

ጦርነት ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው የሰው ሕይወት ነው፤ ይህም የሚገባ ነው። ቀጥሎም ቤቱ፥ እህሉና ከብቱ ይታሰባል። የብዙ ትውልድ ድካም ያፈራው ጥበብ ግን ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን ከጠፋ በኋላ ነው። ጥበቡ በመጽሐፍ ተጽፎ የተቀመጠ እንደ ሆነ መጽሐፉን በጕድጓድም በዋሻም ሸሽጎ ማትረፍ ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ጥበቡ የሚኖረው ድርቆሽ በሚበላ፥ ውሃ በሚጠጣ፥ በፍንዳታ ድምፅ በሚደነግጥ ሕያው ፍጥረት ላይ ሲሆን እንዴት ይሸሸጋል?

ይህን ጥያቄ ለቤተ ሰብ በሚስማማ መልክ ያቀረበ አንድ ፊልም አለ፤ ስሙም «የነጫጭ ድንጉላ ፈረሶች ተአምር» ማለት ነው። ፊልሙን በ1963 ለሕዝብ ያቀረበው የዋልት ዲስኒ ኩባንያ ሲሆን ያዘጋጀው አርተር ሂለር ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ዋናውን ሰው ሆኖ የሚጫወተው ሮበርት ቴይለር ነው፤ ሊሊ ፓልመር ደግሞ እንደ ባለቤቱ ሆና ትጫወታለች። ታሪኩ ከልብ ወለድ የተቀዳ አይደለም። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና የሚገኘው የስፔን የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት አለቃ የነበሩት ኮሎኔል አሎይስ ፖድሃይስኪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በእርሳቸውና በፈረሶቻቸው ላይ የደረሰውን ራሳቸው ከጻፉት የተወሰደ ነው።

የፈረሶቹ ዘርና ትምህርታቸው

ሊፒዛነር የሚባሉት ፈረሶች ስማቸውን ያገኙት ዛሬ በስሎቬኒያ ውስጥ ከምትገኘው ከሊፒዛ መንደር ነው። ከሀብስቡርግ ንጉሣዊ ቤተ ሰብ የተወለዱት አርክዱክ ካርል በ1580 በዚያ ስፍራ የፈረስ ማርቢያ አቋቋሙ፤ ከስፔን የመጡ ፈረሶችም ለዘሩ መሠረት ሆኑ። ትምህርት ቤቱ በኦስትሪያ ምድር ሳለ «የስፔን» የተባለውም ስለዚህ ነው። በቪየና ያሉት ድንጉላዎች ከስድስት አባቶች የወረዱ ናቸው። ከነዚህም አንዱ ሲግላቪ የተባለው የዓረብ ፈረስ ነበር። እያንዳንዱ ድንጉላ ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የአባቱን ዘር፥ ሁለተኛው የእናቱን ስም ያመለክታል። ስለዚህ ስሙን የሰማ ሰው ትውልዱን በሁለቱም ወገን ያውቃል ማለት ነው።

ልጆችን ደስ የሚያሰኛቸው ነገር ደግሞ አለ። እነዚህ ነጫጭ ፈረሶች ሲወለዱ ነጭ አይደሉም። ውርንጭላው ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ ይወለድና ቀለሙ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ይሄዳል፤ ፈጽሞ አምባላይ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ ዐሥር ዓመት ሲሞላው ነው። አልፎ አልፎ ግን መልኩን ሳይለውጥ ዳማ ሆኖ የሚቀር ይገኛል። ትምህርት ቤቱም በቈየ ልማድ ከነጮቹ መካከል እንዲህ ያለውን አንድ ፈረስ ያኖራል።

ፈረሶቹ የሚታዩበት አዳራሽ በንጉሠ ነገሥት ካርል ስድስተኛ ትእዛዝ ተሠርቶ በ1735 የተፈጸመ ሲሆን፥ ግድግዳውና ዐምዱ ነጭ ነው። ፈረሰኞቹ ሲገቡ በአዳራሹ ውስጥ ለተሰቀለው ለንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላምታ ይሰጣሉ። ከዚያም ፈረሱ በሙዚቃ እየተመራ በአንድ ስፍራ ሳይራመድ ይረግጣል፤ የፊት እግሮቹን አጥፎ በኋላ እግሮቹ ላይ እንደ ሐውልት ይቆማል፤ ወይም ከመሬት ተነሥቶ በአየር ላይ ሳለ የኋላ እግሮቹን ይወረውራል።

ይህ ሁሉ በአለንጋ ብዛት የሚገኝ አይደለም። ድንጉላው አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ትምህርት ይጀምራል፤ ሙሉ ትምህርቱም ስድስት ዓመት ያህል ይወስዳል። የፈረሰኛው ትምህርት ከዚያም ይረዝማል። ጀማሪው ወጣት አስቀድሞ እርካብ ሳይረግጥና ልጓም ሳይጨብጥ ቀጥ ብሎ መቀመጥን ይማራል፤ በዚህ ጊዜ ዋናው መምህሩ ዕድሜ ያበሰለው ፈረስ ነው። ወጣቱ ሲበስል ደግሞ በተራው ያልተማረውን ፈረስ ያስተምራል። እንግዲህ አሮጌው ፈረስ ወጣቱን ሰው፥ የበሰለውም ሰው ወጣቱን ፈረስ እያስተማረ ሰንሰለቱ ከመቶ ዓመት ወደ መቶ ዓመት ተሸጋግሯል። በማስተማር ሥራ የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ ይገባዋል፤ ከሰንሰለቱ አንድ ቀለበት የወደቀ እንደ ሆነ የቀረውን በመጽሐፍ ብቻ መመለስ አይቻልም።

ከቪየና መውጣት

በ1938 የሂትለር ጀርመን ኦስትሪያን ጠቅልሎ ሲይዝ ትምህርት ቤቱም በጀርመን ጦር ሥር ወደቀ። ኮሎኔል ፖድሃይስኪ በ1936 በበርሊን በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር በፈረስ ግልቢያ የነሐስ ሜዳልያ ያገኙ ሰው ነበሩ፤ በ1939 የትምህርት ቤቱ አለቃ ሆኑ። በ1942 ደግሞ ጀርመኖች በኦስትሪያ በፒበር ይረቡ የነበሩትን ባዝራዎች ከነውርንጭላዎቻቸው ወስደው በቦሔሚያ በምትገኘው በሆስታው አኖሯቸው። ድንጉላዎቹ በአንድ አገር፥ ባዝራዎቹ በሌላ አገር ሆኑ። ከሁለቱ አንዱ ወገን ቢጠፋ ዘሩ በዚያው ያበቃ ነበር።

በ1945 መጀመሪያ ቪየና ከሰማይ በቦምብ ትደበደብ ነበር፤ ከምሥራቅም የሶቪየት ጦር ይገሠግሥ ነበር። ኮሎኔሉ ፈረሶቹን ለማውጣት ደጋግመው ፈቃድ ቢለምኑም ሹማምቱ እንቢ አሉ፤ ነጫጮቹ ፈረሶች ከከተማው ሲወጡ ሕዝቡ ያየ እንደ ሆነ ሽንፈቱ እንደ ቀረበ ያውቃል ብለው ፈርተው ነበርና። በመጨረሻ ፈቃዱ ተገኘና በመጋቢት ወር ፈረሶቹ በባቡር ተጭነው ጕዞ ጀመሩ። ባቡሩ በአውሮፕላን ድብደባ ምክንያት እየቆመ፥ እንደ ገናም እየተነሣ፥ ከብዙ መከራ በኋላ በላይኛው ኦስትሪያ ወደምትገኘው ወደ ሳንክት ማርቲን መንደር አደረሳቸው። ቪየና በሚያዝያ ወር በሶቪየት ጦር እጅ ገባች።

በሳንክት ማርቲንም ቢሆን ዕረፍት አልነበረም። መንደሩ ከየአገሩ በተሰደዱ ሰዎች ተሞልቶ ነበር፤ የፈረስ ቀለብም እየጠፋ ሄደ። ለተራበ ሰው የሰባ ፈረስ ሥጋ ነው፤ በዚያ ወራት በአውሮፓ ስንት ፈረስ እንደዚህ ሆኖ አልቋል። ስለዚህ ፈረሶቹን ሌሊትና ቀን መጠበቅ አስፈለገ።

የሆስታው ባዝራዎች

ባዝራዎቹን ይጠብቁ የነበሩት የጀርመን መኰንኖች የሶቪየት ጦር ከመድረሱ በፊት ከምዕራብ ለሚመጡት ለአሜሪካኖች እጃቸውን መስጠት እንደሚሻል ቈረጡ። የማርቢያው የእንስሳት ሐኪም ሩዶልፍ ሌሲንግ መስመሩን ተሻግሮ ከአሜሪካኖች ጋር ተነጋገረ። በዚያ በኩል የነበሩት የአሜሪካ ሁለተኛ ፈረሰኛ ክፍል አዛዥ ኮሎኔል ቻርልስ ሪድ ነበሩ። ክፍሉ በስም ፈረሰኛ ይባል እንጂ በዚያን ጊዜ የሚዋጋው በብረት ለበስ መኪና ነበር፤ አዛዡ ግን ፈረስ የሚያውቁና የሚወዱ ሰው ነበሩ። ለበላያቸው ለጄኔራል ጆርጅ ፓተን አስታውቀው ፈቃድ ተቀበሉ። በሚያዝያ 28 ቀን 1945 ጦሩ ሆስታው ገባ፤ በመንደሪቱ ውስጥም ያለ ብዙ ውጊያ እጅ ተሰጠ። በአካባቢው ታስረው የነበሩ የጦር ምርኮኞችም ነጻ ወጡ።

ይሁን እንጂ ሌሎች የጀርመን ወታደሮች ተመልሰው አደጋ ጣሉ። በዚያ ዘመቻ ሁለት አሜሪካውያን ወታደሮች ሕይወታቸውን አጡ።

በጄኔራሉ ፊት

በግንቦት 7 ቀን ጄኔራል ፓተን ከአሜሪካ የጦር ሚኒስቴር ምክትል ሹም ከሮበርት ፓተርሰን ጋር ወደ ሳንክት ማርቲን መጡ። ፓተን ራሳቸው በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ግልቢያ ባለበት ውድድር የተካፈሉ ሰው ነበሩ። ቀለብ ያነሣቸው ድንጉላዎች በመንደር ሜዳ፥ በድል አድራጊው ጦር አለቃ ፊት ያን የጥንት ጥበብ አሳዩ። ትርኢቱ ሲያበቃ ኮሎኔል ፖድሃይስኪ ወደ ጄኔራሉ ቀርበው ባርኔጣቸውን አነሡ፤ ትምህርት ቤቱን ከአሜሪካ ጦር ጥበቃ ሥር እንዲያደርጉላቸውም ለመኑ። የተሸነፈ አገር መኰንን ስለ ራሱ ምሕረት ሳይለምን ስለ ፈረሶቹ ለመነ፤ ልመናውም ተሰማለት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሆስታው ያለችበት ምድር በሌላ እጅ ስለሚገባ ፈረሶቹን ወደ ባቫሪያ ማሻገር ግድ ሆነ። ትንንሾቹ ውርንጭላዎችና ለመውለድ የቀረቡት ባዝራዎች በከባድ መኪና ተጫኑ፤ የቀሩት በእግራቸው ተነዱ። ከነጂዎቹ መካከል አሜሪካውያን፥ ጀርመኖች፥ ፖሎኞችና ኮሳኮች ነበሩበት፤ ጥቂት ሳምንት ቀድሞ እርስ በርሳቸው ይተኳኰሱ የነበሩ ሰዎች በአንድነት ፈረስ ነዱ። ኮሎኔል ፖድሃይስኪም በአውሮፕላን ተወስደው የትምህርት ቤቱን ፈረሶች ከሌሎቹ ለዩ። በዚያው በግንቦት ወር ከ200 በላይ የሆኑ ሊፒዛነሮች ወደ ኦስትሪያ ተመለሱ።

ፊልሙና እውነቱ

ፊልሙን ያየ ሰው የባዝራዎቹ መዳን በጄኔራሉ ፊት ከተደረገው ትርኢት በኋላ የተጀመረ ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን አስቀድመን እንዳልነው ነው፤ ትርኢቱ በተደረገ ጊዜ ሆስታው ከተያዘች ዘጠኝ ቀን ሆኗት ነበር። ፊልም አጭር ስለ ሆነ ነገሩን እንዲህ ማቀራረቡ ብዙ አያስወቅሰውም።

ከዚህ የሚከብደው ነቀፋ ሌላ ነው። ፊልሙ ስለ ዘመኑ ክፋት እጅግ ጥቂት ይናገራል። በዚያው መንግሥት እጅ በሚሊዮን የሚቈጠሩ አይሁድና ሌሎችም ንጹሓን መታረዳቸውን ልጅ ከዚህ ፊልም አይማርም፤ ይልቁንም ጦርነቱ ክፉ አየር እንጂ የሰው ሥራ ያልሆነ ይመስለዋል። የሆስታው ማርቢያ ራሱ ለጀርመን ጦር የሚሆን ፈረስ ለማርባት የታሰበ ነበር። ስለዚህ ልጆቹን ይዞ ፊልሙን የሚያይ አባት ወይም የምታይ እናት ያልተባለውን መጨመር ይገባቸዋል። በአካሄዱም ቢሆን ፊልሙ ዝግ ያለ ነው፤ የተኵስ ጩኸት የሚሻ ሰው ይሰለቸዋል። ነጫጮቹ ፈረሶች በሚታዩበት ስፍራ ግን ትንሹም ትልቁም ዝም ብሎ ያያል።

ልጆች ቢጠይቁ

አስተዋይ ልጅ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይቀርም፤ «ሰው እያለቀ ወታደር ለፈረስ ብሎ መሞት ነበረበትን?» ይላል። ይህን ጥያቄ በቍጣ መዝጋት አይገባም፤ የሞቱት ሁለቱ ወታደሮች እናት ነበሯቸውና። በዓለም ላይ ያለ ፈረስ ሁሉ ተደምሮ የአንድ ሰው ሕይወት አይመዝንም ቢባል እውነት ነው።

ነገር ግን በዚያው መንገድ ምርኮኞች ነጻ መውጣታቸውን፥ ጦሩም በዚያ ግንባር ከፈረሶቹ በፊትም በኋላም ይዋጋ እንደ ነበረ ለልጁ መንገር ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ስለ ሥራው ምክንያት ሲነሣ፥ ኮሎኔል ሪድ ሞትና ጥፋት ስለ ሰለቻቸው አንድ ያማረ ነገር ለመሥራት እንደ ፈለጉ መናገራቸው ይወሳል። ይህ መልስ የሂሳብ መልስ አይደለም። ለስንት ዓመት ማፍረስን ብቻ ሥራው አድርጎ የኖረ ሰው፥ የማፍረስ ኀይል በእጁ ሳለ አንድ ነገር ሳያፈርስ ሲቀር ሰውነቱ ወደ እርሱ ይመለሳል። ፈረሶቹ ከሰዎቹ ዳኑ፤ ሰዎቹም በፈረሶቹ ምክንያት ከራሳቸው ጭካኔ ጥቂት ዳኑ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ትምህርት ቤቱ ዐሥር ዓመት ያህል ከቪየና ርቆ በዌልስ ከተማ ተጠግቶ ኖረ። ኦስትሪያ ነጻነቷን ባገኘችበት በ1955 ድንጉላዎቹ ወደ ነጩ አዳራሻቸው ተመለሱ፤ ፈረሰኞቹም ለሥዕሉ እንደ ጥንቱ ባርኔጣቸውን አነሡ። ኮሎኔል ፖድሃይስኪ እስከ 1964 በአለቅነት አገልግለው በ1973 ዐረፉ። በ2015 ዩኔስኮ የትምህርት ቤቱን የግልቢያ ጥበብ፥ በ2022 ደግሞ ሊፒዛነሮችን የማርባትን ልማድ የሰው ልጅ ሁሉ ቅርስ ከሆኑት መካከል መዘገበ።

እንግዲህ ፊልሙን ከልጆቻችን ጋር ስናይ የፈረሶቹን ውዝዋዜ ብቻ አይተን አንነሣ። በዚያ ክፉ ዘመን ከአንዱ ትውልድ የተቀበለውን ለሌላው ለማስረከብ ሲል ክብሩን ዝቅ አድርጎ የለመነውን ሰው እናስብ። በየቤታችንም ከእኛ ጋር የሚያልቅ፥ ከእኛ በቀር ማንም ለልጆቻችን የማያስተምረው ነገር ምን እንደ ሆነ በዚያው ምሽት እንጠያየቅ።