ልጆችና ገንዘብ፡- ቁጠባን ከምጽዋት ጋር ማስተማር



ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ የሄደ ሰው በመንገዱ ዳር የሚጨፍሩ ሕፃናትን ሳያይ አያልፍም። የእንግዳ መኪና ድምፅ ሲሰሙ ከየአጥሩ ሮጠው ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ ይዘላሉ፤ አንዳንዶቹም በእጃቸው ቆመው እግራቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ። መንገደኛው ፈገግ ብሎ ጥቂት ብር ይሰጣል፤ ሕፃናቱም ይሻሙታል። ከተራራው ሥር፣ በአርባ ምንጭ ከተማ በሲቀላና በሴቻ ደግሞ ሌሎች ልጆች ከትምህርት መልስ ሙዝና ማንጎ ይሸጣሉ፤ ጫማ ያስውባሉ። እነዚህ ሁሉ ገና በለጋነታቸው ገንዘብ በእጃቸው ገብቷል። ይሁን እንጂ ገንዘብ ከወዴት እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚውልና እንዴት እንደሚጠበቅ የነገራቸው ማን ነው?

ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ጸሎት፣ ጾምና ስግደት እናስተምራለን፤ ስለ ገንዘብ ግን ዝም እንላለን። ዝምታችንን ደግሞ ሌላው ይሞላዋል። በየከተማው የተከፈቱት የስፖርት ውርርድ ቤቶች ያለ ድካም መክበር እንደሚቻል ለወጣቱ ይሰብካሉ። ቴሌብርን በመሰሉ አገልግሎቶች ገንዘብ በስልክ መተላለፍ በመጀመሩም ልጆች ወላጆቻቸው ብር ቆጥረው ሲከፍሉ የሚያዩበት ጊዜ እየቀነሰ ነው። በመሆኑም ቤተሰብ ስለ ገንዘብ በግልጽ ማስተማር ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ስለ ቁጠባ ከምታስተምረውና የጋሞ ሕዝብ በኑሮው ከያዘው ጥበብ ተነሥተን ልጆችን በተግባር እንዴት ማስተማር እንደምንችል እንመለከታለን።

ቁጠባና ንፍገት

አንዳንድ ምእመናን “ለነገ አትጨነቁ ተብለን ሳለ እንዴት ልጆቻችንን ቆጥቡ እንላለን?” ብለው ይጠይቃሉ። ጌታችን የከለከለው በእግዚአብሔር አለመታመንን እንጂ በጥበብ መኖርን አይደለም። አምስቱን እንጀራና ሁለቱን ዓሣ አበርክቶ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ፣ ሁሉ የሚቻለው አምላክ ሲሆን፣ የተረፈው ፍርፋሪ እንዳይባክን ደቀ መዛሙርቱን አዝዞ አሰብስቧል (ዮሐ. 6፥12)። ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላም አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)። ጻድቁ ዮሴፍ በጥጋቡ ሰባት ዓመት ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛውን እጅ እንዲያከማቹ ለፈርዖን መክሮ ግብፅንና የአባቱን ቤት ከረኃብ አድኗል (ዘፍ. 41)።

በአንጻሩ እርሻው ያፈራለት ባለጠጋ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ጎተራ ለመሥራት ሲያስብ ሰነፍ ተብሏል (ሉቃ. 12፥16-21)። ዮሴፍም ይህ ባለጠጋም ሁለቱም እህል አከማችተዋል። ልዩነታቸው ዮሴፍ ለሚራቡት ሲያከማች ባለጠጋው ለራሱ ብቻ ማከማቸቱ ነው። እንግዲህ ለልጅ ቁጠባን ብቻ አስተምረን ምጽዋትን ካላስተማርነው ንፉግ ሆኖ ያድጋል። ምጽዋትን ብቻ አስተምረን መቆጠብን ካላስተማርነው ደግሞ የሚመጸውተው አያገኝም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ሰው በገዛ እጆቹ ሊሠራ የሚገባው ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖረው መሆኑን ለኤፌሶን ምእመናን ጽፏል (ኤፌ. 4፥28)። ሥራ፣ ቁጠባና ምጽዋት አብረው የሚሄዱ ናቸው።

በጋሞ ቤት ያለው ትምህርት ቤት

በጋሞ ደጋ የሚያድግ ልጅ ስለ ቁጠባ የሚማርበትን መጽሐፍ ሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገውም። በጓሮው እንሰት አለ። እንሰት እንደ አካባቢው የአየር ጠባይና እንደ ዝርያው ለመድረስ ዓመታትን ይፈልጋል። አስተዋይ ገበሬ ሁሉንም በአንድ ዓመት አይተክልም፤ በአንድ ዓመትም ሁሉን አይቆርጥም። በየዓመቱ የሚደርስ እንዲኖር ትልቁንና ትንሹን አፈራርቆ ይተክላል። እናትም የፋቀችውን በጉድጓድ ቀብራ፣ በቅጠሉ ሸፍና፣ ለወራት ታቆየዋለች። “እናቴ ይህን ለምን ቀበርሽው?” ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ “ነገም ሆድ አለና ነው” ብሎ መመለስ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

የዶርዜ ቤትም መምህር ነው። ከቀርከሃ ተጠልፎ በእንሰት ሽፋን የሚከደነው ይህ ቤት እጅግ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ምስጥ ከሥሩ እየበላ ሲሄድ ቤቱ ዝቅ እያለ ይመጣል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ከፍ ብሎ የተሠራ በመሆኑ ለብዙ ዓመታት ይኖሩበታል። ሠሪው ምስጥ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ስለዚህም ምስጥ የሚበላውን ጨምሮ ይሠራል። ሕመም፣ ድርቅና የዋጋ ንረትም በቤተሰብ ላይ እንደ ምስጥ ይመጣሉና ዛሬ ጥቂት ከፍ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መምህር ሽመና ነው። በዶርዜ እናቶች ጥጥ ይፈትላሉ፤ አባቶች ይሸምናሉ። አንድ ጋቢ የሚያልቀው ማጉ አንድ በአንድ በድሩ መካከል እየተወረወረ ነው፤ አንዱ ክር ብቻውን ልብስ አይሆንም። ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር (ሐዋ. 18፥3)። ልጅ በአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ሲመለከት “ይህ ጋቢ ስንት ቀን ፈጀ? በስንት ተሸጠ? ለፈትሉ ስንት ወጣ?” ብለን ብንነግረው የብርን ዋጋ በድካም ይለካል። በድካም የተለካ ብር ደግሞ በቀላሉ አይበተንም።

በዓለ መስቀልም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳና በሌሎች ከተሞች የሚሠሩ የጋሞ ልጆች ለመስቀል ወደ ቀያቸው ይመለሳሉ። ለመንገዱ፣ ለቤተሰብ ልብስና ለበዓሉ ማዕድ የሚያስፈልገው ገንዘብ በአንድ ሌሊት አይገኝም። ለልጆቻችን የበዓሉን ድግስ ብቻ ሳይሆን ከድግሱ በፊት የነበረውንም ትዕግሥት ልናሳያቸው ይገባል።

በዕድሜያቸው ልክ ማስተማር

ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የሚማሩት በማየት ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሳንቲሙን እኛ ከምንጨምርላቸው በገዛ እጃቸው ወደ ሙዳየ ምጽዋት እንዲጨምሩ እናድርግ። ሁለቱን ሳንቲም የሰጠችውን መበለት ታሪክም (ሉቃ. 21፥1-4) በዚያው እንንገራቸው። ገንዘብን በመጀመሪያ የሚያውቁት የሚሰጥ ነገር እንደሆነ ከሆነ ኋላ አይገዛቸውም።

ከ7 ዓመት ጀምሮ ልጆች በሥርዓታችን ጾምን ይለምዳሉ። ጾም ከሁሉ የሚበልጥ የቁጠባ ትምህርት ነው። እስከ ተወሰነው ሰዓት ምግብ ሳይበላ መቆየት የቻለ ልጅ በሱቅ መስኮት ያየውንም ነገር ሳይገዛ መታገሥ ይችላል። ከጾሙ የተረፈው ለድሃ እንደሚሰጥ ስንነግረውም ራስን መግዛት ለሌላው ሕይወት እንደሚሆን ይረዳል።

በዚህ ዕድሜ ሦስት ዕቃዎችን ማዘጋጀት መልካም ነው። የታጠበ ጣሳ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። በመጀመሪያው ላይ “ለእግዚአብሔር”፣ በሁለተኛው ላይ “ለነገ”፣ በሦስተኛው ላይ “ለዛሬ” ብሎ ልጁ ራሱ ይጻፍ። ለምሳሌ በሳምንት 20 ብር የሚያገኝ ልጅ 2 ብር አሥራት ያወጣል፤ በዮሴፍ ምክር መሠረት አምስተኛውን፣ ማለትም 4 ብር፣ ለነገ ያስቀምጣል፤ 14 ብር ለእስክሪብቶና ለሚያስፈልገው ይቀረዋል። በ52 ሳምንት ውስጥ 104 ብር ለእግዚአብሔር ቤት ሰጥቷል፤ 208 ብርም ቆጥቧል። ድሃ ሲያገኝ ከዛሬው ድርሻ በራሱ ፈቃድ እንዲሰጥ እናበረታታው። ገቢና ወጪውን በደብተር ቢጽፍ ሒሳብንም ሐቀኝነትንም አብሮ ይማራል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ለነበሩ ምእመናን የመጀመሪያይቱን የቆሮንቶስ መልእክት ሲተረጉም እያንዳንዱ ሰው በቤቱ፣ በሚጸልይበት ስፍራ አጠገብ፣ ለድሆች የሚሆን ትንሽ ሣጥን እንዲያኖርና ወደ ጸሎት ከመቆሙ በፊት ምጽዋቱን በዚያ እንዲጨምር መክሯል። “ለእግዚአብሔር” የተባለውን የልጁን ዕቃ በሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ብናስቀምጠው የአባታችንን ምክር በቤታችን ፈጸምን ማለት ነው።

ከ13 ዓመት በላይ የሆኑት የቤተሰቡን ኑሮ ሊያውቁ ይገባል። ጤፉ፣ የቤት ኪራዩና መብራቱ ስንት እንደሚፈጅ አብረውን ያስሉ። በወላጅ ወይም በአሳዳጊ በኩል በባንክ ወይም በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ይከፈትላቸው። በ2013 ዓ.ም. መስከረም የብር ኖቶች በተቀየሩ ጊዜ ገንዘባቸውን በቤት ያከማቹ ሰዎች በተወሰነላቸው ቀን ለመቀየር ተጨንቀው እንደነበር እናስታውሳለን።

በዚህ ላይ ለልጆቻችን እውነቱን አንደብቃቸው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው መጠን 7 በመቶ እንዲሆን ወስኖ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሷል። ልጁ “ዓምና ያስቀመጥሁት ገንዘብ ዘንድሮ ያንኑ አይገዛም” ቢል ትክክል ነው። ምስጡ ይህ ነው። ስለዚህ የተቆጠበው ገንዘብ ሲጠራቀም ወደሚጠቅም ነገር እንዲለወጥ እናግዘው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ደብተር ዋጋው ሳይጨምር መግዛት፣ እንቁላል የምትጥል ዶሮ፣ በደጋው የእንሰት ወይም የፖም ችግኝ፣ በቆላው የሙዝ ተክል ሊሆን ይችላል። ተክሉን የሚንከባከብ ልጅ ገንዘብ በሥራ እንደሚበዛ በዓይኑ ያያል። መክሊቱን ከቀበረው አገልጋይ (ማቴ. 25፥14-30) ይልቅ ያተረፉበትን የሚመስለውም በዚህ ነው።

ወላጆች ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

የመጀመሪያው የልጅን ቁጠባ ወስዶ አለመመለስ ነው። ችግር ሲገጥመን ከልጃችን ጣሳ ብንበደር “ልጄ፣ ይህን ያህል ወስጃለሁ፤ በዚህ ቀን እመልሳለሁ” ብለን እንንገረው፤ በቀኑም እንመልስ። እናት ወይም አባት ቃሉን ያፈረሰበት ልጅ ሁለተኛ አይቆጥብም፤ ይልቁንም ያገኘውን ሳይወሰድበት ቶሎ ማጥፋትን ይማራል።

ሁለተኛው ልጅን ለምጽዋት ጠያቂነት ማስለመድ ነው። በጨንቻ መንገድ ለሚጨፍር ሕፃን የተወረወረ ብር ለጊዜው ያስደስተዋል፤ ነገር ግን ከትምህርት ገበታው ያርቀዋል፤ በመኪና አደጋም ላይ ይጥለዋል። መንገደኛ ምእመናን መርዳት ብንፈልግ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ወይም በትምህርት ቤቱ በኩል ደብተርና እስክሪብቶ ብንሰጥ ይሻላል።

ሦስተኛውና ከባዱ የልጅን ጉልበት ገንዘብ ማድረግ ነው። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት “ትማራለህ፣ ሽመና ትለምዳለህ” እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ከትምህርት ርቀው ለረጅም ሰዓት በሽመና ጉድጓድ ውስጥ መዋላቸው የኖረ ሐዘን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ከልክሏል። በአባት አጠገብ ሙያ መልመድ በረከት ነው፤ ልጅን ለማያውቁት ሰው አሳልፎ መስጠት ግን ዮሴፍን ወደ ባርነት ከሸጡት ወንድሞቹ ሥራ ይመሳሰላል። የሚያስቆጥብ ቤተሰብ በክፉ ቀን ልጁን እንዲሰጥ አይገደድም። ቁጠባ የነፍስ ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻም ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሕፃናት በየሳምንቱ ጥቂት ብር እያዋጡ በተራ የሚወስዱት ትንሽ ዕቁብ ቢኖራቸው መተማመንን ይማራሉ፤ ከዕቁቡ ጥቂቱን ለታመመ ጓደኛቸው ቢያወጡ ደግሞ ፍቅርን ይማራሉ። መዝሙር እንደሚያጠኑ ሁሉ የገቢና የወጪ ሒሳብንም በግልጽ ቢሠሩ ነገ ሰበካ ጉባኤን በታማኝነት የሚያገለግሉ ይሆናሉ።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችን የምናወርሳቸውን ገንዘብ ሊጨርሱት ይችላሉ፤ የአባቱን ሀብት ተካፍሎ በሩቅ አገር ያባከነው ልጅ (ሉቃ. 15፥11-32) ምስክር ነው። ሠርቶ ማግኘትን፣ ቆጥቦ መያዝንና በደስታ መስጠትን ግን ካወረስናቸው አያልቅባቸውም። ዛሬ ማታ በቤታችን ሦስት ባዶ ጣሳዎችን ፈልገን ከልጆቻችን ጋር እንቀመጥ።

ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን ዘንድ የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።