ከጥገና በኋላ የሚቀር ጉድለት፦ በአደጋ ዋጋው የቀነሰ ተሽከርካሪ በፊቅህ ሚዛን

 

የመንገድ አደጋ በበዛበት በዚህ ዘመን ወደ ኢማሞችና መሻኢኾች ለሽምግልና የሚቀርቡ የመኪና ክርክሮችም በዝተዋል። ብዙዎቹ አንድ መልክ አላቸው። ሰውየው በስሕተት የወንድሙን መኪና ይገጫል፤ ጥፋቱን አምኖ ጋራዥ ያስገባለታል፤ የላመራውን፣ የቀለሙንና የመለዋወጫውን ይከፍላል። መኪናው እንደ ቀድሞው ይሽከረከራል። ባለቤቱ ሊሸጠው ባወጣው ጊዜ ግን ገዢው ቀለሙ የተነካ፣ ሻንሲው የተቃና መሆኑን አይቶ ከዋጋው ብዙ ይቀንስበታል። ባለቤቱ ይህን ልዩነት ይጠይቃል፤ ገጪው ደግሞ «አስጠግኜልሃለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ዕዳ አለብኝ?» ይላል።

በሽምግልና ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው «መኪናው ተሠርቷል፤ ይብቃህ» ብሎ ማሰናበት ይቀለዋል። ይሁን እንጂ ይህ ቃል የአንድን ሙስሊም ሐቅ ሊያስቀር ይችላል። በአንጻሩ ባለቤቱ የጠየቀውን ሁሉ መፍረድ የሌላውን ገንዘብ ያለ አግባብ ማስበላት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከመሠረቱ ጀምረን እናያለን።

የዳማን መሠረት

የሰውን ንብረት ያጠፋ ወይም ያጎደለ ሰው ሊተካው እንደሚገባ ፉቀሃኡ ተስማምተዋል። ይህ ዳማን ይባላል። ዳማን ቅጣት አይደለም፤ የጎደለውን መሙላት ነው። በመሆኑም ሆን ብሎ ያጠፋና ተሳስቶ ያጠፋ በኃጢአት ቢለያዩም በመተካት ግዴታ አይለያዩም። ሕፃን ልጅ እንኳ የሰው ዕቃ ቢሰብር ከገንዘቡ ይከፈላል።

በቡኻሪ ዘገባ እንደምናገኘው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶች አንዷ ምግብ የቀረበበትን የሌላዋን ገበታ በሰበረች ጊዜ፣ ነቢዩ ለባለቤቷ ደኅናውን ገበታ ላኩላት፤ የተሰበረውን አስቀሩት። በሱረቱል አንቢያእ (78–79) በጎች በሌሊት የሰው አዝመራ በበሉበት ጉዳይ ዳዉድና ሱለይማን (ዐ.ሰ) መፍረዳቸው ተወስቷል። ሙፈሲሮች እንዳብራሩት፣ በሱለይማን ፍርድ የበጎቹ ባለቤት አዝመራውን ወደ ነበረበት እስኪመልስ ድረስ ባለ አዝመራው በበጎቹ ወተትና ጸጉር ይጠቀማል። የሁለቱም መንፈስ አንድ ነው፦ ተጎጂው ጉዳቱ ባይደርስ ኖሮ ይኖርበት ወደነበረው ሁኔታ በተቻለ መጠን ይመለስ።

ንብረቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ቢጎድልስ? እዚህ ላይ የሚመጣው አርሽ ነው፤ ይኸውም በደኅናውና በጎደለው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በዑስማንያ መንግሥት የተዘጋጀው የሐነፊያ ሕግ ስብስብ «መጀለቱል አሕካም»ም የሌላውን ንብረት ዋጋ ያጎደለ ያጎደለውን ያህል እንደሚከፍል ደንግጓል።

ለመንገድ አደጋ በተለይ፣ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 ብሩናይ ላይ ባካሄደው ስምንተኛ ጉባኤው በውሳኔ ቁጥር 71 አሽከርካሪው በአካልም ሆነ በንብረት ላይ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ወስኗል። ሊከላከለው ከማይችለው ኃይል የመጣ፣ በተጎጂው ድርጊት የደረሰ ወይም በሦስተኛ ወገን ጥፋት የተከሰተ ከሆነ ግን ተጠያቂነቱ ይነሳል። ሁለቱም ካጠፉ እያንዳንዱ የድርሻውን ይሸከማል።

የገበያ መርከስና የንብረት ጉድለት

የአርሽ መሠረት ግልጽ ቢሆንም በዚህ ጉዳይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ተማሪዎቻችን በሚቀሩት በኢማም ነወዊ (676 ሂ. ያረፉ) «ሚንሃጅ» ውስጥ እንደሰፈረው፣ ነጣቂ የነጠቀውን ንብረት ሳይጎድል ቢመልስና ዋጋው በገበያ መርከስ ብቻ ቀንሶ ቢገኝ ምንም አይከፍልም። አብዛኞቹ ፉቀሃእም በዚህ ላይ ናቸው፤ አቡ ሰውርና ኢብኑ ተይሚያ ግን ተለይተዋል። ታዲያ ተቃዋሚው «መኪናው ተጠግኖ ሙሉ ሆኗል፤ የቀነሰው የሰዎች ፍላጎት ብቻ ነው፤ ይህም የገበያ መርከስ ነው» ሊል ይችላል።

መልሱ ያለው የዋጋውን መቀነስ ምክንያት በመመርመር ላይ ነው። ገበያ ሲረክስ የዚያ ዓይነት መኪና ሁሉ አብሮ ይረክሳል፤ ምክንያቱም ከንብረቱ ውጭ ነው። በአደጋ የተጎዳው መኪና ዋጋ ሲወርድ ግን በዓመቱም በሞዴሉም አቻው የሆነው ሌላ መኪና በዋጋው ላይ እንዳለ ነው። የወረደው ይኸኛው ብቻ ነው፤ የወረደውም በላዩ ላይ በተፈጸመ ድርጊት ነው።

ይህንን የሚያጸናው የሽያጭ ምዕራፍ ነው። በሻፊዒያ መጻሕፍት ዐይብ የሚባለው ንብረቱን ወይም ዋጋውን የሚያጎድል፣ በዓይነቱም ዘንድ ያልተለመደ ነገር ነው፤ ሐነፊያም በነጋዴዎች ልማድ ዋጋን የሚያጎድለውን ሁሉ ዐይብ ይላሉ። ሻንሲው ተቃንቶ፣ ኮፈኑና በሩ ተቀይሮ የተጠገነን መኪና ጉዳቱን ደብቆ የሸጠ ሰው ገሽ (ማታለል) እንደፈጸመ፣ ገዢውም የመመለስ መብት እንዳለው አንድም ሙፍቲ አይጠራጠርም። እንግዲህ ይህ ነገር ባለቤቱ ሲሸጥ ዐይብ ከሆነ፣ ገጪው ሲጠየቅ ዐይብ አይደለም ሊባል አይችልም። ሻጭን በዐይቡ ተጠያቂ አድርገን ዐይቡን ያመጣውን ነጻ ብናወጣ በአንድ ንብረት ላይ ሁለት ሚዛን እንይዛለን፤ ኪሳራውም ምንም ባላጠፋው ሰው ላይ ይቀራል።

«ተጠግኗል» ለሚለው መልስ

ሁለተኛው መከራከሪያ «ዐይቡ ሲወገድ ዳማኑም ይወገዳል» የሚለው ነው። ደንቡ ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን በተወገደው ልክ ነው። በአካል ጉዳት ምዕራፍ ቁስሉ ድኖ ጠባሳ የተወ እንደሆነ ፉቀሃኡ ስለ ጠባሳው ሑኩማ ያደርጋሉ፤ «ድኗልና ምንም የለም» አይሉም። የመኪናም ጠባሳ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ከሁሉም በላይ ግን ለጉዳያችን የቀረበው በማሊኪያ መዝሀብ የታወቀው የልብስ ጉዳይ ነው። የሰውን ልብስ ጥቂት የቀደደ ሰው ቀዳዳውን ያስጠቅማል፤ ከተጠቀመም በኋላ ልብሱ ከዋጋው የሚጎድለውን ይከፍላል። ጥገናውና የቀረው ጉድለት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ በግልጽ የሚያሳይ ምሳሌ አናገኝም። ጨርቁ በብረት ቢተካ ሑክሙ አይቀየርም።

በሌላ በኩል ጥገናው ምንም ምልክት ካልተወ ወይም ምልክቱ በነጋዴዎች ዘንድ ዋጋ የማያስቀንስ ከሆነ የሚጠየቅ ነገር የለም። ፓራውልቱ ተፈትቶ አዲስ የተገጠመለት መኪና ባለቤት «አደጋ ደርሶበታል» በማለት ብቻ ገንዘብ ሊጠይቅ አይገባም። ጥገናው ፍጹም ሆኖ የአደጋው ታሪክ ብቻ ዋጋ ቢያስቀንስ ግን ጉዳዩ የኢጅቲሃድ ነው። በእኛ ሚዛን የሚያይለው፣ ገዢዎች ታሪኩን እያዩ በእርግጥ የሚቀንሱ እስከሆነ ድረስ አርሽ አለው የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ያው ታሪክ በሽያጭ ጊዜ ሊነገር የሚገባው ነው።

ስሌቱ

ለማስረዳት ያህል፣ በአደጋው ዕለት ደኅና ሆኖ 1,500,000 ብር የሚያወጣ መኪና ከግጭቱ በኋላ ሳይጠገን 1,100,000 ብር አወጣ እንበል። አርሹ 400,000 ብር ነው። ጥገናው 250,000 ብር ፈጅቶ፣ የተጠገነው መኪና በዚያው ዕለት ዋጋ 1,350,000 ብር ቢያወጣ ደግሞ የቀረው ጉድለት 150,000 ብር ነው። የጥገናውና የቀሪው ድምርም 400,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ ተጎጂው ሙሉውን አርሽ ይወስዳል፣ ወይም ጥገናውንና ቀሪውን ጉድለት ይወስዳል። አርሹን በሙሉ ወስዶ ጥገናውንም ማስከፈል ግን አንድን ሐቅ ሁለት ጊዜ መውሰድ ነው።

ግምቱ የሚያዘው በአደጋው ዕለት ዋጋ ነው፤ መኪናው የሚነጻጸረውም ደኅና ቢሆን ኖሮ ከሚያወጣው ጋር እንጂ ከተገዛበት ዋጋ ጋር አይደለም። ይህ በአገራችን ልብ ሊባል ይገባል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ «በ800,000 ገዝተህ ዛሬ 1,350,000 እየተከፈለህ ምን ጎደለብህ?» የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። የገበያው መወደድ አላህ ለባለቤቱ የሰጠው ሲሳይ ነው፤ ገጪው ዕዳውን ሊከፍልበት አይችልም።

ግምቱን የሚሰጡት የሙያው ባለቤቶች ናቸው፦ ጉዳቱን መካኒክና የላመራ ባለሙያ፣ ዋጋውን ታማኝ የመኪና ነጋዴ ወይም ደላላ። ቢቻል ሁለት ሰዎች ይጠየቁ። ኢማሙ ከራሱ አንስቶ ቁጥር አይቁረጥ። በአሜሪካ የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 የኢንሹራንስ ድርጅት ከጥገናው በተጨማሪ የዋጋውን መቀነስ ሊገምትና ሊከፍል እንደሚገባ ከወሰነ በኋላ፣ ከመኪናው ዋጋ 10 በመቶ የማይበልጥ መነሻ የሚይዝ ቀመር በዚያ ተለምዷል። በአትላንታና በአካባቢዋ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ቀመር በስምምነት ቢቀበሉት ሱልህ ነው። በፊቅህ ግን ለአርሽ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም፤ እውነተኛው ጉድለት ከ10 በመቶ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል።

መኪናው ጋራዥ በቆየበት ጊዜ የቀረው ገቢ ሌላ ጉዳይ ነው። ሻፊዒያና ሐናቢላ በነጠቃ ጊዜ የጥቅምን ዳማን ያጸናሉ፤ ሐነፊያ ግን ለኪራይ በተዘጋጀ፣ በወቅፍና በየቲም ንብረት ላይ ይወስኑታል። ከዋጋው ጉድለት ጋር ሊደባለቅ አይገባም።

ሕግ፣ ኢንሹራንስና ሽምግልና

በአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በጋብቻ፣ በውርስ፣ በወቅፍ፣ በስጦታና በመሰል ጉዳዮች የተወሰነ ነው፤ የመኪና ጉዳት ካሣ የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። እዚያም የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤትን ተጠያቂ ያደርጋል፤ በአንቀጽ 2091 ደግሞ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። ይህ ከአርሽ መንፈስ ጋር ይገናኛልና ኢማሙ ሽምግልናው ያልተሳካለትን ተጎጂ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችል ሊነግረው ይገባል።

ኢንሹራንሱ መክፈሉ ብቻውን ዕዳውን አያወርድም። የሦስተኛ ወገን ሽፋን በሕግ የተወሰነ ጣሪያ አለው፤ ዳማኑ ግን ከገጪው ጋር የተያያዘ ነው። የተከፈለው ይቀነሳል፤ የቀረው በእርሱ ላይ ይቆያል።

ሱልህ ተወዳጅ ነው። ተጎጂው ሁሉንም ወይም ከፊሉን ይቅር ቢል ምንዳ አለው፤ በተለይ ገጪው ድሃ ከሆነ። ነገር ግን ሐቁ ምን ያህል እንደሆነ ሳይነገረው የተወ ሰው ይቅር አለ ለማለት ይከብዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐቁ ይገለጽለት፤ ከዚያ ይቅርታ ይጠየቅ። ይቅር የሚለውም የራሱን ብቻ ነው። የየቲም ሞግዚት ወይም የመስጂድ ወቅፍ መኪና ኃላፊ የዋጋውን ጉድለት በደግነት ሊተው አይችልም፤ ገንዘቡ የእርሱ አይደለምና።

በመጨረሻም አርሽ የተቀበለ ባለቤት የራሱ አማና አለበት። የዋጋውን ጉድለት ከገጪው ወስዶ፣ ከዚያ ለገዢው «ያልተነካ ነው» ብሎ በሙሉ ዋጋ የሸጠ ሰው ገዢውን አታልሏል፤ ለአንድ ዐይብም ከሁለት ሰዎች ገንዘብ ወስዷል። ኢማሞች በኹጥባና በደርስ ገጪውን ቀሪውን ጉድለት እንዲከፍል ሲያስተምሩ፣ ባለቤቱንም ዐይቡን እንዲናገር ያስተምሩ። ሁለቱ ግዴታዎች ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው።

ወላሁ አዕለም።