ዋይፋዩን ከመውቀሳችሁ በፊት ገመዱን እዩት

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ በኦንላይን የሚከታተለው ትምህርት በየአሥር ደቂቃው ይቋረጥበት ነበር። «እምዬ፣ ኢንተርኔቱ ሞተ!» ይላል፤ ፈተናው ደግሞ 3 ቀን ቀርቶታል። ስልክ ደወልን፣ ሞደሙን አጥፍተን አበራን፣ ጭራሽ ከፍ ያለ ፍጥነት ልንገዛ ተነሣን።

ችግሩ የተገኘው ከጠረጴዛው ሥር ነው። ሞደሙን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው ገመድ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ተሰብራለች። ልጁ እግሩን ባወዛወዘ ቁጥር ገመዱ ይላላል። ሆስፒታል ሳለሁ ግሉኮስ መንጠባጠቡን ሲያቆም መጀመሪያ የማየው ቱቦውን ነበር፤ ታጥፎ ወይም በሽተኛው ተኝቶበት ይሆናላ። ይህን ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ቤቴ ውስጥ መርሳቴ አሳፈረኝ።

ይህ ገመድ በሁለቱም ጫፉ ሰፋ ያለ መሰኪያ አለው፤ ውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠማዘዋል። የመደበኛ ስልክ ገመድ ይመስላል፤ የስልኩ መሰኪያ ግን ጠበብ ይላል። ጠባብ በመሆኑም ሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ይገባላችኋል። ቢገባም አይሠራም፤ ዳርና ዳር ያሉትን የቀዳዳውን ጥርሶችም ሊያጣምም ይችላል። ልጆች «ገባልኝ» ሲሉ ጠጋ ብላችሁ እዩ።

ከሞደሙ ጀርባ «ላን» የተባሉት ቀዳዳዎች ለኮምፒውተርና ለቴሌቪዥን ናቸው። «ዋን» የሚል ካለ ከውጭ ለሚመጣው መስመር ስለሆነ አትነካኩት። መስመራችሁ ፋይበር ከሆነ ቀጭኑን ገመድ አጥብቃችሁ አትጠፉት፤ ከተነቀለም ጫፉን በዓይን አትመልከቱ፣ የማይታይ የሌዘር ብርሃን ሊኖርበት ይችላል።

ገመድ ስትገዙ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ካት 5ኢ የሚባለው በሰከንድ 1 ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ለአብዛኛው ቤት ከበቂ በላይ ነው። ካት 6 ካልገዛችሁ የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ አትጨነቁ። ይልቅ «ሽቦው ንጹሕ መዳብ ነው?» በሉት። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ይረክሳል፣ ግን ቶሎ ይሰበራል።

ስትሰኩት «ጠቅ» ማለት አለበት። ብዙውን ጊዜ ከቀዳዳው አጠገብ ትንሽ መብራት ትበራለች፤ ካልበራች በሌላ ገመድ ሞክሩ።

እኛ 3 ሜትር አዲስ ገመድ ገዝተን በግድግዳው ጥግ፣ ከልጁ እግር አርቀን አሰርነው። በፈተናው ዕለትም እግሩን ማወዛወዙን አልተወም፤ መስመሩ ግን አንዴም አልተቋረጠበት።