“ሞተሩ ይውረድ!” ሲባል ወዲያው እሺ አትበሉ

እናንተዬ! አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰው ሆዱ ቡጭ የሚልበት ጊዜ መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ አየት ካደረገ በኋላ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ “ወንድሜ፣ ሞተሩ መውረድ አለበት” ሲለው ነው።

አንድ የማውቀው የ26 ዓመት ወጣት ይህቺው ቃል ደርሳዋለች። አባቱ ሲያርፉ የተዉላቸው ሀብት አንዲት ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። 3ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላት፣ በዕድሜ እሱን የምትበልጥ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ሸቀጥ ያመላልስባታል፤ የቤት ኪራዩም የሁለት እህቶቹ የትምህርት ቤት ክፍያም የሚወጣው ከእሷው ነው። ታዲያ ሲመለስ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ወደ ጎሃ ጽዮን ዳገቱን ሲያያዘው መፍላት ጀመረች። ጋራዥ ወሰዳት። “ቴስታታው ተሰንጥቋል” ተባለ። የተጠራለትን ሂሳብ ሲሰማ መኪናዋን ለመሸጥ ደላላ ማነጋገር ጀመረ።

ሸጦስ ምን ሊገዛ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገና የመለዋወጫውም ዋጋ ተሰቀለ። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ እጅ ላይ ያለችውን አሮጊት እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ ነው የሚያዋጣው።

ልጁ ብልህ ነው፤ ከመወሰኑ በፊት ሌላ ጋራዥ ሄደ። እዚያ ያገኛቸው ሽማግሌ መካኒክ ሞተሩን አልነኩም። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን አገላብጠው አዩ። ጎማው ደርቆ እንደ ቆሎ ይሰባበራል! ቀጥለው “ተርሞስታቱ የታለ?” አሉ። የለም። አንዱ መካኒክ ድሮ አውጥቶ ጥሎታል። ራዲያተሩ ፊት ለፊቱ በጭቃና በገለባ ተደፍኗል። እነዚህ ሦስቱ ተስተካከሉ፣ መኪናዋም ያንን ዳገት ጭነቷን ይዛ ወጣች።

“ክዳን ምን ያደርጋል?” የሚል አይጠፋም። ነገርዬው እንዲህ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባችን ግን ገና ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ይንተከተካል። (ባቄላው ደጋ ላይ አልበስል እያለ ከሰል የሚያስጨርሰው ለዚሁ ነው።) የራዲያተር ክዳን ደግሞ ልክ እንደ ፕሬሸር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ፣ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ እንዳይፈላ ያደርጋል። ክዳኑ ካላፈነ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ውሃው ይገነፍላል፣ ይጎድላል፤ ውሃ የጎደለበት ሞተር ደግሞ ያኔ በእውነት ቴስታታውን ይበላል። ከዕቃዎቹ ሁሉ በጣም ርካሿ ይህቺ ክዳን ናት!

ተርሞስታት “ለቀዝቃዛ አገር ነው” እያሉ የሚያወጡ መካኒኮችን አትስሙ። በብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ተርሞስታቱ ከሌለ የጋለው ውሃ ከፊሉ ወደ ራዲያተሩ ሳይሄድ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ዳገት ላይ ትግላለች፣ ጠዋት ደግሞ አልሞቅ ትላለች። ሁለት ጊዜ ኪሳራ ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላትም ዝገትና ቅርፊት ያመጣል፤ ኩላንት ጨምሩበት።

መቼም ሁሉም መካኒክ አታላይ ነው ማለቴ አይደለም። ቴስታታ ወይም ጋስኬቱ በእርግጥ ሲሄድ ምልክት አለው። የሚያፈስ ቦታ ሳይታይ ውሃው በየቀኑ ይጎድላል። ጠዋት በብርዱ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ እንኳ ነጭ ጭስ መልቀቁን አያቆምም። ዘይቱን ስታዩት ማኪያቶ መስሏል። ይህን ካያችሁ አዎ፣ ይከፈት። ካላያችሁ ግን “ምኑን አይተህ ነው?” ብላችሁ ጠይቁት፤ መጠየቅ ነውር የለውም። የናፍጣ ሞተር ዘይት በጠቆረ ቁጥር ግን አትደንግጡ፣ ጠባዩ ነው። ብቻ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው ቀይሩት።

መንገድ ላይ ጌጁ ሽቅብ ካለስ? ጋዝ ቀንሱ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይስባል። ካልወረደ ቁሙና አጥፉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ፊቱን ጠልቷል ማለት ነው! የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትማ ጤነኛውን ቴስታታ መሰንጠቅ ነው።

አንዲት ነገር ልጨምር። በእነዚህ የድሮ የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች ላይ የታይሚንግ ቺንጋ አለ፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ “ቲ-ቤልት” የምትል መብራት ትበራለች። አንዳንዱ አምፖሏን አስነቅሎ “ተገላገልኩ” ይላል! ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተኑ ከቫልቭ ጋር ይላተማል፤ ያኔ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ቺንጋ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥርሱን ቆጥራችሁ አስተያዩ። ከተገጠመ በኋላ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደተቀየረ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኮፈኑ ውስጥ ለጥፉት። ቆጣሪው ከሞተ ቆይቷል? እንግዲያው ቀኑን ጻፉ፣ ቆጣሪውንም አሠሩት።