ጀንበር በጊዜ በምትጠልቅበት አገር

ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ ከመነሣቱ በፊት ምክር ይበዛለታል። ወፍራም ካፖርት ግዛ፣ በርበሬና ሽሮ ያዝ፣ የሰነዶችህን ቅጂ አስቀር ይባላል። ስለ ብርሃን የሚነግረው ሰው ግን እምብዛም አይገኝም።

እኛም በነሐሴ መጨረሻ ወደ አንዲት የሰሜን አውሮፓ ከተማ ስንደርስ የነገረን አልነበረም። እስከ ጥቅምት በመልካም መንፈስ ተማርን። በኅዳር ግን ጠዋት መነሣት ከበደን፤ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይጥለናል፤ ሌሊት ደግሞ ዓይናችን አልከደን ይላል። አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አንብበን የምንጨብጠው ነገር አልነበረም። በፈተና ዝቅተኛ ውጤት ባገኘን ጊዜ «ለዚህ ደረጃ አንበቃም ማለት ነው» ብለን ደመደምን፤ ወደ አገር እንደምንመለስ ለቤተሰብ የሚገልጽ ደብዳቤም ጻፍን። የችግራችን አንዱ ምክንያት በራሱ በፊዚክስ መጽሐፋችን ውስጥ እንደነበረ የተረዳነው ዘግይተን ነው።

የዛቢያው ማዘንበል

እንደሚታወቀው የምድር ዛቢያ ለምህዋሯ ጠለል ቀጤ ነክ ከሆነው መስመር 23.4 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። የዚህ ውጤት በምድር ወገብ አካባቢ ብዙም አይታወቅም። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የሰዓት አቆጣጠራችንም የዚሁ ምስክር ነው፤ ጀንበር ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት አካባቢ ስለምትወጣና ስለምትጠልቅ ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ጀምረን እንቆጥራለን።

አሁን በ60 ዲግሪ ገደማ የምትገኘውን የስዊድን ከተማ ኡፕሳላን እንመልከት። በመስከረም አጋማሽ ቀንና ሌሊት እኩል ናቸው፤ ቀኑ ግን በየዕለቱ ከ5 ደቂቃ በላይ ያጥራል። በታኅሣሥ 12 አካባቢ የአገሩን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ብንገልጸው፣ ፀሐይ ለጠዋቱ 3 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ወጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። ቀኑ 6 ሰዓት እንኳ አይሞላም።

የወጣችውም ፀሐይ ደካማ ናት። በዚያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ ያላት ከፍታ ከ90 ላይ የቦታውን ኬክሮስና 23.4ን በመቀነስ ይገኛል፤ ለአዲስ አበባ 58 ዲግሪ፣ ለኡፕሳላ 7 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በአግድም መሬት ላይ የሚያርፈው የጨረር ኃይል የዚህን አንግል ሳይን ስለሚከተል የኡፕሳላው ድርሻ የአዲስ አበባው አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው። ጨረሩ በከባቢ አየር ውስጥ የሚያቋርጠው መንገድ ስለሚረዝም ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

የሰውነት ሰዓት

ይህ ሁሉ ተማሪውን የሚነካው እንዴት ነው? በአንጎላችን ውስጥ እንቅልፍንና ንቃትን የሚመራ ሥነ ሕይወታዊ ሰዓት አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ የዚህን ሰዓት ሞለኪውላዊ አሠራር በመግለጻቸው የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የብዙ ሰው ሰዓት ዑደት ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ስለሚረዝም በየዕለቱ መስተካከል አለበት። ዋናው አስተካካይ የጠዋት ብርሃን ነው። በሬቲና የሚገኙ፣ የብርሃንን መጠን የሚለኩ ልዩ ሕዋሳት መልእክት ሲልኩ የእንቅልፍን ጊዜ የሚያሳውቀው ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ይቀንሳል። ብርሃኑ ሲዘገይ ሰዓቱም ወደ ኋላ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1984 ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ በብርድ ወራት እየተመላለሰ የሚመጣውን ወቅታዊ ድባቴ በጥናት ገለጹ። ሮዘንታል ራሱ ከደቡብ አፍሪካ ለሥልጠና ወደ ኒው ዮርክ የሄደ ሐኪም ነበር፤ በዚያ የብርድ ወራት ጉልበቱ ሲከዳው በራሱ ላይ አስተውሎ ነበር።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በእኩለ ቀን ከቤት መውጣት ነው። የመማሪያ ክፍል ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ሲሆን፣ በደመናማ እኩለ ቀን ደጅ ያለው ብርሃን ከዚህ በብዙ ይልቃል። ዓይናችን ራሱን ስለሚያለማምድ ግን ልዩነቱ አይታወቀንም። ሁለተኛ፣ የመነሻን ሰዓት በዕረፍት ቀንም ቢሆን አለመለወጥ ነው። ሦስተኛ፣ በእነዚያ ወራት አልትራቫዮሌት ጨረር እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ቆዳ ቫይታሚን ዲ ማዘጋጀት ያቅተዋል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ የበለጠ ጨረር ይፈልጋልና ስለዚህ ሐኪም ማማከር ይገባል።

እርግጥ ነው፣ የስደት ተማሪ ጭንቀት ሁሉ ከብርሃን አይመነጭም፤ ብቸኝነትም፣ ቋንቋም፣ የገንዘብ እጥረትም አለ። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከጸና ወደ ዩኒቨርሲቲው የጤና አገልግሎት መሄድ ነውር አይደለም።

እኛን ያዳነን አንድ የአገሩ ተወላጅ የሆነ የክፍል ጓደኛችን ነበር፤ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ከቤተ ሙከራው እየጎተተ ያስወጣን ነበር። የመጣንበትን ኬክሮስ ሳንጠይቅ በአእምሯችን ላይ ፈርደን ነበር። ደብዳቤው ሳይላክ ቀረ። ነገ ወደ ሰሜን የምትጓዙ ተማሪዎቻችንም በኅዳር ጨለማ ስለ ራሳችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ቢያንስ መጋቢት እስኪደርስ ጠብቁ፤ ያን ጊዜ ቀኑ በየዕለቱ ከ5 ደቂቃ በላይ እየረዘመ ይመለሳል።