«ራሱ ሄዶ ራሱ ይመለሳል»፦ የሰው አልባ ሰርጓጅ ተረትና እውነታ

ተረት፦ ሰው አልባ ሰርጓጅ ራሱን ስለሚመራ ይዞት የሚሄደው መርከብ ላይ ብዙ ሠራተኛ አያስፈልግም።

እውነታ፦ ግማሹ ልክ ነው። ከውኃ በታች ማንም አይዘውረውም፤ የተሰጠውን መስመር ይዞ የባሕሩን ወለል ያስሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተከሰከሰውን የኤር ፍራንስ 447 አውሮፕላን ስብርባሪ 3,900 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያገኙት ሬመስ 6000 የተባሉ እንዲህ ያሉ ሰርጓጆች ናቸው።

ስህተቱ «ይመለሳል» የሚለው ላይ ነው። ሰርጓጁ በራሱ የሚመለሰው እስከ ውኃው ገጽ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የሰው ነው። ሬመስ 6000 ወደ 860 ኪሎ ይመዝናል። ብቅ ሲል በሞገድ መካከል የሚታየው ቢጫ ጀርባው ብቻ ነው። መርከቡ ቀስ ብሎ ይጠጋል፤ ሰርጓጁም አፍንጫው ላይ ያለውን ተንሳፋፊ ከነገመዱ ይለቃል። መርከበኛው መንጠቆ ወርውሮ ገመዱን ይይዝና ለማንሻው ዊንች ያቀብላል። ክፉዋ ሰዓት ይህች ናት፦ ከውኃ የወጣው ሰርጓጅ መርከቡ በተናጠ ቁጥር እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዛል። ከግራና ከቀኝ ገመድ ወጥረው የሚይዙት ሰዎች ካነሱ ከመርከቡ ብረት ጋር ይላተማል፤ ሲብስም ሰው ይመታል።

ይህን ተረት አምነው ሠራተኛ የሚቀንሱ፣ በማዕበል መካከል «ዛሬውኑ አውጡት» እያሉ የሚያጣድፉ ሰዎች ያናድዱኛል። ሰርጓጁ ማዕበሉ እስኪበርድ ተንሳፍፎ መቆየት ይችላል፤ የተጨፈለቀ እጅ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።

ተረት፦ ሥራውን ሳይጨርስ ከወጣ ተበላሽቷል።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 የጠፋውን አውሮፕላን ኤምኤች370ን ፍለጋ የገባው ብሉፊን-21 የመጀመሪያ ጉዞውን አቋርጦ ወጥቷል። ምክንያቱ ጥልቀቱ ከተፈቀደለት 4,500 ሜትር ማለፉ ነበር፤ ወደ ላይ የመለሰውም የራሱ መከላከያ ሥርዓት ነው።

ተረት፦ በጂፒኤስ ይከታተሉታል።

እውነታ፦ የጂፒኤስ ምልክት ባሕር ውስጥ አይዘልቅም። ከመርከቡ ጋር የሚገናኘው በድምፅ ነው።

ተረት፦ ኃይሉ ካለቀ ይሰምጣል።

እውነታ፦ አብዛኞቹ የተሸከሙትን ክብደት ሲጥሉ እንዲንሳፈፉ ሆነው ይሠራሉ። ከበረዶ ሥር ግን መውጫ የለም፤ ራን የተባለው የስዊድን ሰርጓጅ እ.ኤ.አ. በ2024 አንታርክቲካ ውስጥ ከዶትሰን የበረዶ መደርደሪያ ሥር ገብቶ በዚያው ቀርቷል።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ጉዞ በጀት የምትመድቡ ሁሉ፣ ከማሽኑ ዋጋ በፊት ገመዱን የሚይዙትን ሰዎች ቁጠሩ። «ዛሬ አይሆንም» የማለት ሥልጣኑንም ለእነሱ ስጡ።